ከኬላው በታች

ልጄ ሀኒያ እንደምታነክስ ከእኔ በፊት ያዩት የአብዱልበሲጥ እናት ናቸው። ዕለቱ ጁምአ ነበር፤ ኒካሁ ለእሑድ ተቆርጧል። እሳቸው የልጃቸውን ሙሽራ ሂና ሊያዩ ከወረታ በጧት መኪና መጥተው ሳሎናችን ተቀምጠዋል። ልጄ ሻይ ይዛ ገባች፤ ጎንበስ ብላ ሰጠቻቸውና ተመልሳ ወጣች። እሳቸው ብርጭቆውን እንደያዙ ዓይናቸው በሩ ላይ ቀረ።

«ግራ እግሯን ምን ሆነች?» አሉኝ።

ጫማ መትቷት ይሆናል አልሁ። አላየሁም ነበር፤ ግን እንዳየ ሰው መለስሁ።

«ጫማ የመታው ሰው የሚሳሳው ለጣቱ ነው» አሉ። «እሷ የምትሳሳው ለጭኗ ነው።» ከዚያ ሻዩን ፉት ብለው ስለ ዘንድሮው የፎገራ ሩዝ ማውራት ጀመሩ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያሉትን አንዱንም አልሰማሁም።

እሳቸውን እስከ ታክሲው ሸኝቼ ስመለስ ሀኒያ ጓዳ ውስጥ ተጋድማለች። እጆቿ እስከ ክርኗ በሂና አበባ ተሞልተዋል። ምን ሆንሽ ብላት ቀሚሷን ሰብስባ አሳየችኝ። ግራ ብሽሽቷ ላይ የእርግብ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጥቷል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ንፍፊት ነው፣ እማዬ» አለች። «ሐኪም ቤት ውሰጅኝ።»

ልጄ ነርስ ልትሆን ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። የተማረችው በሽታ ሁሉ የያዛት እየመሰላት ታስቀን ነበር። ስለ ልብ የተማረች ሰሞን ልቧን ስትቆጥር፣ ስለ ኩላሊት የተማረች ሰሞን ጎኗን ስትዳብስ ትውላለች። ያን ቀን ግን የበሽታ ስም አልደረደረችም። ሐኪም ቤት ውሰጅኝ ብቻ ነው ያለችው። ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ከእሑድ በኋላ እንሄዳለን አልኋት።

ለምን እንዲህ እንዳልሁ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በሰርግ ሰሞን በልጃገረድ ብሽሽት ላይ የሚወጣ እብጠት ሌላ ስም አለው። ባምቡሌ ይሉታል፤ ከወንድ ጋር በመተኛት ይመጣል ይባላል። እኔም ስሙን አልጠራሁት፣ እሷም አልጠራችው፤ ግን ሦስተኛ ሰው ሆኖ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። ደግሞም በሰፈራችን ክሊኒክ ካርድ የምታወጣው የአብዱልበሲጥ የአክስቱ ልጅ ናት። ሌላ ክሊኒክ ሞልቷል አለችኝ ሀኒያ። ባሕር ዳር ለሙሽራ ጠባብ ናት አልኋት።

«እሺ» አለችና ቀሚሷን መለሰች።

ስለ ንፍፊት ያስተማረችኝ እሷው ነበረች። የኮሌጅ መጽሐፏ በእንግሊዝኛ ነው። ከሰዓት ከክፍል ስትመለስ እኔ ግቢያችን ካለው የሩዝ መጋዘን ተቀምጬ ሩዝ ስለቅም እሷ የዋለችበትን ትምህርት በአማርኛ ትነግረኛለች። «ላንች ከገባሽ ለእኔም ገብቶኛል ማለት ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ በቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ፊደሉን ጨርሼ ቃል ወደ ማንበብ ተሻግሬ ነበር። ስለዚህ የምትነግረኝን ሁሉ በመጋዘኑ የብረት በር በስተውስጥ በጠመኔ ትስልና ስሙን በትልልቅ ፊደል ትጽፍልኛለች። እኔ ማንበብ እለማመዳለሁ፣ እሷ ታጠናለች።

ሰውነት በሙሉ የሱቅ ተራ ነው አለችኝ መጀመሪያ፤ እያንዳንዱ ሱቅ ሕዋስ ይባላል። ሽፋኑ ዝም ብሎ ግድግዳ አይደለም፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ይመርጣል። ከጓዳው ትእዛዝ ሰጪው ተቀምጧል። እያንዳንዱ ሱቅ የራሱ ወፍጮ አለው፤ የበላነው ጉልበት የሚሆነው እዚያ ነው። እኔ ይህን ሰምቼ አንድ ቀን ደስ ሲለኝ ዋልሁ፤ በማግሥቱ ጭንቀት ያዘኝ። ይህን ሁሉ ሱቅ ማን ይጠብቀዋል? ጠየቅኋት። ሳቀችና ነጭ የደም ሕዋሳትን ነገረችኝ። ጀርም አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ እንደሚራባም ነገረችኝ፤ ያን ባትነግረኝ ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲያ የውሃውን ጀሪካን ሳጥብ፣ የበሩን እጀታ ስወለውል ነው የከረምሁት። ባለቤቴ ሙሀመድሰዒድ «ይህ ኮሌጅ ልጄን ነርስ፣ ሚስቴን በሽተኛ አደረጋቸው» ይል ነበር።

አንድ ቀን በበሩ ላይ ቁመቱ እኔን የሚያህል ሰው ሳለች። አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ነጥብ ነጥብ አደረገች።

«እነዚህ ኬላ ናቸው፣ እማዬ» አለች። «ከእግር የሚመጣው መንገድ ብሽሽት ላይ ይፈተሻል፣ ከእጅ የሚመጣው ብብት ላይ፣ ከጥርስና ከጉሮሮ የሚመጣው አንገት ላይ። ጀርም በመንገዱ ሲመጣ ጠባቂዎቹ ይዘውት ይታገላሉ፤ እነሱም ይበዛሉ፤ ኬላው ያብጣል። ንፍፊት ይኸ ነው። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ኬላውን እናሻለን።»

እኔም ስታሽ ያደግሁ ነኝና ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ኬላው ላይ ግርግር ስታይ ከበታች ያለውን መንገድ ተመልከች አለችኝና ከብሽሽቱ እስከ እግሩ ጣት ረጅም መስመር ሳበች።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም ያን ዕለት ከሰዓት አገርነሽን በጓሮ በር አስገባኋት።

አገርነሽ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ ልጆቻችንን ግን አብረን ነው ያሳደግነው። የሰፈሩ ንፍፊትና ወለምታ ሁሉ በእሷ እጅ ያለፈ ነው። ቅቤውን በማንኪያ አሙቃ መጣች። ሀኒያ መታሸት የለበትም አለች፤ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው እንደምትናገር።

«እናንተ ተማሮች ሲያማችሁ ትምህርታችሁን ታመጣላችሁ፣ ሲብስባችሁ ወደ አገርነሽ ትመጣላችሁ» አለች አገርነሽ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ስንቷን ሙሽራ አሽቼ ነው ያስጨፈርኋት። በይ ተጋደሚ።»

ሀኒያ ወደ እኔ ዞረች። እንቢ እንድልላት እየጠበቀች መሆኑን አውቃለሁ።

«ትንሽ ብቻ» አልኋት።

ሻሿን በጥርሷ ነክሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። አገርነሽ በአውራ ጣቷ ወደ ታች እየገፋች አሸቻት። ስትጨርስ እጇን በጨርቅ እየጠረገች በጓሮ በር ወደ ውጭ ሳበችኝና ሙሽራው ጨዋ ልጅ ነው አይደል ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ያለ ሰው አይቷት አያውቅም፣ ከአባቷ ጋር ካልሆነ ቤታችንም አይቀመጥም አልኋት።

«እሱ ነው አላልሁሽም» አለች አገርነሽ።

ክፉ ሴት አይደለችም። ያለችውን ብላ፣ የቀረውን ቅቤ ለነገ አስቀምጭው ብላኝ ሄደች። ቃሉ ግን ቤቴ ውስጥ ቀረ።

ባለፈው ሳምንት የሀኒያ ክፍል ለተግባር ልምምድ ደልጊ ሄዶ ነበር። ወንዶቹም ሴቶቹም አብረው ነው የሄዱት፤ ሐይቁ ዳር ለሚኖሩት ዓሣ አጥማጆች ስለ ውሃ ወለድ በሽታ ሊያስተምሩ። እዚያ አድረው ነው የመጡት። ስትመለስ ፊቷ ፀሐይ መትቶት፣ እየሳቀች፣ በታንኳ ወሰዱን እያለች ነበር የገባችው። ያን ጊዜ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። አሁን ግን ያን ሳቅ መልሼ እያወጣሁ አገላብጠው ጀመር። ማን ነው ያሳቃት? ታንኳው ላይ ከማን ጋር ተቀመጠች? ሐሳቡን አባርረዋለሁ፣ ዞሮ በሌላ በር ይገባል። ልጄን ጠረጠርኋት። የወለድኋትን፣ ሶላቷን ሳታሳልፍ ያደገችውን ልጅ።

ቅዳሜ ጧት ግቢያችን በሴቶች ተሞላ። ሽንኩርት የሚልጡ አሉ፣ የድግሱን ብረት ድስት የሚያጥቡ አሉ። አንዷ ሙሽራዋ የት አለች ስትል ሌላዋ ትተኛ እንጂ፣ ከዛሬ ወዲያ ማን ያስተኛታል ትላለች፤ ይስቃሉ። ሙሽራዋ ጓዳ ውስጥ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ግንባሯ እንደ ምድጃ ይፋጃል። እብጠቱ ከትናንቱ በልጦ ዙሪያው ጠጥሯል። ውሃ ሰጠኋት፤ ሁለቴ ተጎንጭታ ተወችው። ሐኪም ቤት ውሰጅኝ ብላ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ እንቢ ለማለት ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ስላልጠየቀችኝ ቃሉ አፌ ውስጥ መረረኝ።

ወጥ የምታወጣዋ ሴት ሩዝ አምጭ አለችኝ። መጋዘን ገባሁ። የውጩ ጩኸት እንዲቀንስልኝ የብረቱን በር ከኋላዬ ገፋ አደረግሁት፤ ለአንድ አፍታ ብቻ ብቻዬን መሆን ፈልጌ ነው። ስዞር ያ የጠመኔ ሰውዬ ፊት ለፊቴ ቆሟል።

አንገት። ብብት። ብሽሽት። ቃሎቹን ሳላስበው አነበብኋቸው። ከትናንት ጀምሮ ዓይኔ የሚያየው ያችን የብሽሽት ነጥብ ብቻ ነበር። ምስክር እንደ ቀረበበት ሰው ነበር የማያት፤ ማን ጋር ነበርሽ፣ ምን አደረግሽ እያልሁ። ከነጥቡ በታች ረጅሙ መስመር አለ። ጣቴን አስደግፌ ወደ ታች ተከተልሁት፤ ጭኑን፣ ጉልበቱን፣ ቁርጭምጭሚቱን አልፌ የእግሩ ጣት ላይ ደረስሁ። ሀኒያ እዚያ ጫፍ ላይ «መንገድ» ብላ ጽፋበታለች።

ሩዙን ሳልይዝ ወጣሁ።

ጓዳ ገብቼ ብርድ ልብሱን ከእግሯ በኩል ገለጥሁት። ሂናው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነው። ጣቶቿና መርገጫዋ ሐሙስ ማታ ድፍን ተደርገው ስለተቀቡ ጠቁረው ቀልተዋል። ሂና ራሱ ቀይ ነው፤ ከሥሩ የቀላ ነገር ቢኖር ማን ያየዋል? በዓይኔ ምንም አላገኘሁም። በእጄ ዳሰስኋቸው፤ የቀኙ እግር እንደ ሰውነቷ ይሞቃል፣ ግራው ግን ይፋጃል። በአውራ ጣቴ ከተረከዟ ጀምሬ ቀስ እያልሁ ጫን አደረግሁ። ከትንሿ ጣት ሥር ስደርስ ሀኒያ ከትራሷ ዘልላ ተነሣች።

«ምንድን ነው የወጋሽ?» አልኋት።

መጀመሪያ ምንም አለች። ከዚያ ዓይኗ ተከፈተ፤ የረሳውን ነገር እንዳገኘ ሰው። ደልጊ ላይ ወደ ታንኳው ለመግባት ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ስትሄድ ዓሣ አጥማጆቹ ከጣሉት የአምባዛ ዓሣ ክንፍ እሾህ ወግቷት ነበር። ወዲያው ነቅላ አጥባዋለች። ሰዎቹን በባዶ እግራችሁ ወደ ውሃው አትግቡ ብለው አስተምረው ገና አፋቸውን ሳይዘጉ ስለሆነ ጓደኞቿ ሲስቁባት ዋሉ፤ የሳቋ ምክንያትም ይኸው ነበር። ቁስሉ በማግሥቱ አፉን ገጠመ። ሂና ቀቢዋም መጥታ ላዩን ድፍን አድርጋ ቀባችው። የሰርጉ ግርግር ቀጠለ፤ ተረሳ።

«ተዘግቶ ነበር እኮ» አለች እግሯን እያየች። «ከላይ ተዘግቶ ነበር።»

አልሐምዱሊላህ አልሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። ልጄ በትኩሳት እየነደደች፣ መርዝ ከእግሯ ወደ ላይ እየወጣ፣ እኔ ቁስል ስላገኘሁ ደስ አለኝ። ሀኒያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ደስታዬን ፊቴ ላይ አነበበችው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ፈጣን ነበር። በጓሮ አይደለም፣ በዋናው በር ነው ያወጣኋት። ሴቶቹ ከሽንኩርታቸው ቀና ሲሉ እግሯን እሾህ ወግቷት ነው፣ የአምባዛ እሾህ ነው እያልሁ በመካከላቸው አለፍሁ። ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ተናገርሁ። ለባጃጁ ልጅ እንኳ ነገርሁት።

ባጃጁ የዘንባባዎቹን መንገድ ሲይዝ ሀኒያ ጭንቅላቷን በትከሻዬ ላይ አላደረገችም። የባጃጁን ብረት ይዛ ወደ ውጭ ታያለች።

«ቁስሉን ባታገኝው ኖሮ» አለች፣ «እስከ እሑድ ታቆይኝ ነበር?»

እንዴት እንዲህ ትያለሽ አልኋት። መልስ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

ድንገተኛ ክፍል ያየን ሐኪም ወጣት ነው፤ ሀኒያንም በልምምድ ያውቃታል። እግሯን በመብራት አይቶ አደነዘዘውና ከፈተው። መግል ወጣ። ከመግሉ ጋር የእሾሁ ጫፍ ወጣ፤ ከጤፍ ብዙም አይበልጥም። በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ያን ሁሉ ያደረገ ይህ መሆኑን ለማመን ቸገረኝ። ከዚያ ብሽሽቷን አየ፤ ቅቤው ገና ያብረቀርቃል፣ ቆዳው በጣት ተጭኖ በልዟል። ፊቱ ተለወጠ።

ይህን ማን ነው ያሸው አለ።

አፌን ከፈትሁ። ሀኒያ ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ ያሳሸሁት።»

ሐኪሙ እቃውን አስቀመጠ። አንች ነርስ ልትሆኝ አይደለም ወይ የምትማሪው፣ ነገ በሽተኛ ቢመጣልሽ ምን ልትይው ነው እያለ በሌሎቹ ተማሪዎች ፊት ገሠጻት። ጀርሙ ወደ ደሟ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በመርፌ መድኃኒት ተኝታ መታየት እንዳለባት ተናገረ። እሷ አንገቷን ደፍታ ሰማችው። እኔ በእግሯ በኩል ቆሜ የነጠላዬን ጫፍ እጠቀልላለሁ። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አጭር ነው፤ አልወጣልኝም።

እሑድ ኒካሁ ሳይሆን ዋለ። ሙሀመድሰዒድ ከአብዱልበሲጥ አባት ጋር ስልክ ተነጋግሮ ቀኑን አሸጋገሩት። የአብዱልበሲጥ እናት ሾርባ በፔርሙስ ይዘው ሆስፒታል መጡ። እሾህ መሆኑን ሰማሁ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ፤ እኔ ያልሁትን ቃል፣ እኔ ባልሁበት ድምፅ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው የተጠቀለለውን ፋሻ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ሀኒያ አመሰገነቻቸው። ኒካሁ ከፈተናዬ በኋላ ይሁን አለች፤ በትሕትና ነው ያለችው፣ ግን ፈቃድ እየጠየቀች አልነበረም። እሳቸው ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ፋሻው አየሁ።

ትኩሳቱ ወረደ፤ ወደ ቤት ገባን። አገርነሽ ስትመጣ ሀኒያ እጇን ዘርግታ ሰላም ትላታለች፣ ትቀልዳለችም። ለእኔም ክፉ ቃል የላትም። ውሃ ስሰጣት ትጠጣለች፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ ስላት ዋጥሁ ትላለች። የኮሌጅ ጓደኞቿ ጥናቱን አምጥተውላት ብቻዋን በውስጧ ታነባለች። በአማርኛ ጮክ ብላ አትነግረኝም። እኔም ንገሪኝ ለማለት አልደፈርሁም።

ትናንት ከሰዓት መጋዘን ሩዝ ስለቅም በምርኩዝ እየተደገፈች ገባች። ከረጢት ላይ ተቀምጣ እግሯን ሌላ ከረጢት ላይ ሰቀለች። ሂናው ከጣቶቿ እየለቀቀ ቢጫ ሆኗል። ጨርቅ በውሃ አርሺልኝ አለችኝ። ሰጠኋት። የጠመኔውን ሰውዬ ከራሱ እስከ እግሩ ጠረገችውና በምትኩ ክብ ክብ ነገሮች ሳለች።

«እነዚህ ከውጊያው በኋላ የሚቀሩት ናቸው» አለች፤ ወደ በሩ እንጂ ወደ እኔ አታይም። «ጀርሙ ሲሸነፍ ከተዋጉት ነጭ ሕዋሳት አብዛኞቹ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ዓመታት ይኖራሉ። የመታቸውን ነገር መልኩን ይዘው ይቆያሉ፤ እንደገና ሲመጣ ገና ከሩቅ ያውቁታል።»

ሩዙን ተውሁት።

«የሚያስታውሱት ክፉውን ብቻ ነው?» አልኋት።

ጠመኔውን በጣቶቿ መካከል አገላበጠችው። «እስካሁን የተማርነው እሱን ነው» አለች።

ከዚያ ጠመኔውን ወደ እኔ ዘረጋችና ስማቸውን አንች ጻፊው አለችኝ፤ አስታዋሽ ሕዋሳት። ተነሥቼ በሩ ፊት ቆምሁ። «አ»ን ጻፍሁ፣ «ስ»ን ጻፍሁ። «ታ» ላይ ቆየሁ። ፊት ፊት እንዲህ ስቆም ከኋላዬ መጥታ እጄን በእጇ ይዛ ትመራኝ ነበር። ትናንት አልተነሣችም፤ ቶሎ በይም አላለችኝ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጨርሼ ስዞር የምታየው ጽሑፌን አልነበረም፤ እኔን ነበር።